አሥራ ሦስት ግራም

«ግማሹ የት ሄደ?» አለች ጃምንቲ።

ኢሻኒ የላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ የፖስተሩን ጠርዝ በሰማያዊ ማርከር ታደምቃለች። ፖስተሩ ያምራል። የኢሻኒ የእጅ ጽሑፍ ድሮም ያምራል። ከላይ «የጭስ ማጠቢያ ምን ያጥባል?» የሚል ርዕስ አለ። ከሥሩ የሁለቱ ስም፦ ኢሻኒ ዳስጉፕታ እና ጃምንቲ ማራቪ፣ አሥረኛ ክፍል። ቀጥሎ የመጀመሪያው ሠንጠረዥ። ሁለተኛው ሠንጠረዥ ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ ግን የከሰል ኤሌክትሪክ ማመንጫው ጭስ ማውጫ ተስሎበታል።

«ኢሻኒ፣ ሁለተኛው ሠንጠረዥ የት አለ?»

«ቦታ አልበቃም።»

«ለስዕሉ በቅቷል እኮ።»

«አቦ ተይኝ! ማነው ሌሊቱን ሙሉ የጻፈው? እኔ አይደለሁም?»

 ሁለት ወር አብረው ሠርተዋል። በየማለዳው የሠራተኞቹ ካምፕ አውቶቡስ በማመንጫው በር ሲያልፍ፣ በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ የሚያሳየውን የጋዝ ቁጥር ጃምንቲ በመዳፏ ላይ ትጽፋለች። ኢሻኒ ደግሞ የዘንድሮውንና ማጠቢያው ከመሠራቱ በፊት የነበረውን መዝገብ፣ ስንት ከሰል እንደነደደና ስንት ኤሌክትሪክ እንደተላከ ከአባቷ ታመጣለች፤ አባቷ ኢንጂነር ዳስጉፕታ የማመንጫው ኃላፊ ነው። ስሌቱን የሠራችው ጃምንቲ ነበረች። ከጭሱ ውስጥ ድኝን የሚያጥበው ማጠቢያ ራሱ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ጭሱን የሚገፉት ማራገቢያዎች እያንዳንዳቸው የአንድ ክፍል ያህል ናቸው። ስለዚህ ያንኑ ያህል ኤሌክትሪክ ወደ ከተማ ለመላክ ተጨማሪ ከሰል ይነድዳል። ድኙን የሚይዘው የኖራ ድንጋይም ነገር አለበት፤ አንዱን ጋዝ ሲይዝ በሆዱ ያለውን ሌላውን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ይለቃል። ማጠቢያው ከመሠራቱ በፊት ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣ ነበር። አሁን ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሦስት ሆኗል። አሥራ ሦስት ግራም ጨምሯል። ተሳስቼ በሆነ እያለች ሦስት ጊዜ ደጋግማ ብትሠራውም አልተሳሳተችም።

ይህ የላይኛው ሠንጠረዥ ነው። የታችኛው ስለ ድኝ ጋዝ፣ ደረትና ቅጠል ስለሚያቃጥለው ነገር ነበር። እሱ ከአምስት ግራም ወርዶ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም።

«ያለ ታችኛው የላይኛው ምን ዋጋ አለው?» አለች ጃምንቲ። «ሰው ሲያየው ማጠቢያው ጉዳት ብቻ ይመስለዋል።»

ኢሻኒ ማርከሩን ከደነች። «ቅዳሜ ስብሰባው ላይ የሚነበበው የላይኛው ብቻ ነው። የምታነቢውም አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

«ባባ ነው ያለው። የቢርፓኒ ልጅ ብታነበው ይሻላል አለ።»

የቅዳሜውን ስብሰባ የማያውቅ አልነበረም። የጃምንቲ መንደር የቢርፓኒ ሰዎች ነጩ ጭስ ይቁምልን ብለው አቤቱታ አስገብተዋል። የአውራጃዋ አስተዳዳሪ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሁለቱንም ወገን ሰምታ፣ ማጠቢያው ይቀጥል ወይም ይዘጋ ብላ እዚያው ትወስናለች።

«እነሱ እኮ አልገባቸውም» አለች ጃምንቲ። «ነጩ ጭስ እንፋሎት መሆኑን አያውቁም።»

«ካልገባቸው ጥፋቱ የኔ ነው? ትናንት የአውቶቡሳችንን መስታወት በድንጋይ የሰበሩት እነማን ናቸው? ፋራ ሁላ! ራሳቸው ዝጉልን ካሉ ይዘጋላቸዋ!»

ጃምንቲ የአውቶቡሱን መስታወት አስታወሰች። ድንጋዩ የመጣው እሷ በተቀመጠችበት በኩል ነበር። ዛሬ ጠዋት ከጎኗ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

«ቃል ገብተን ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሁለቱንም እናሳያለን ብለን።»

የኢሻኒ ፊት ቀላ። «ማጠቢያው ኤሌክትሪኩን ስለሚበላው ባባ የታዘዘውን ያህል መላክ አልቻለም። ዋናው መሥሪያ ቤት ጥፋቱን እሱ ላይ ነው የጫነው። ካልተዘጋ ያዛውሩታል። ይሄ ስንተኛ ትምህርት ቤቴ እንደሆነ ታውቂያለሽ? አምስተኛዬ። ስድስተኛ አልፈልግም። ገባሽ?»

ፖስተሩን ጠቅልላ ወጣች። ጃምንቲ ልትመልስ የምትፈልገው ነገር የመጣላት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ሁልጊዜም እንዲህ ናት፤ ቃሏ ከሰው ኋላ ይደርሳል።

*

አውቶቡሱ ቢርፓኒ ድረስ መግባት ካቆመ ሳምንት ሆኖታል። ከዋናው መንገድ ላይ አውርዷት ሄደ፤ የቀረውን በእግሯ ተያያዘችው።

ጭስ ማውጫው ከየትም ይታያል። ከዓመት በፊት ከአፉ የሚወጣው ቀጭንና ግራጫ ስለነበር፣ ሰማዩ በጠራ ቀን ማመንጫው የሚሠራም አይመስልም ነበር። አሁን በኅዳር ብርድ እንደተነደፈ ጥጥ ያለ ወፍራም ነጭ ነገር ይተፋል። ነጩ ነገር ከፍ ሳይል ጎንበስ ብሎ በመንደሩ ላይ ያልፋል፤ አንዳንዴ ፀሐዩንም ይጋርደዋል።

በትልቁ የማሁዋ ዛፍ ሥር ሰው ተሰብስቧል። መሐል ላይ የቆመው የአባቷ ታናሽ ወንድም ቡድራም ነው፤ የመንደሩ ሊቀመንበር። አባቷ ከሞተ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው።

«ጭሱን እናጥባለን አሉን» ይላል ቡድራም ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ። «አጥበውስ? አጥበው እኛ ላይ አሰጡት!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ።

«ቆይ እስኪደርቅ ነዋ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ማጠቢያው በተከፈተ በወሩ ማሁዋው አላበበም» ቀጠለ ቡድራም። «ስንት ዘመን አበባውን ለቅመን የኖርን ሰዎች፣ ዘንድሮ አንድ ቅርጫት አልሞላልንም። ቅዳሜ ለአስተዳዳሪዋ አንድ ነገር ብቻ ነው የምንላት። ዝጉት!»

«ዝጉት!» አለ ሰዉ።

ጃምንቲ የማሁዋውን አበባ ያራገፈው የበረዶ ዝናብ እንደነበረ ታስታውሳለች። ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ አጎቷ ተጠጋች።

«ጋሼ፣ ነጩ እኮ እንፋሎት ነው» አለች በጆሮው። «ጭሱን በውሃና በኖራ ስለሚያጥቡት ነው። ክፉው የድሮው ነበር፣ የማይታየው።»

ቡድራም ድምፁን ዝቅ አላደረገም። «ሰማችሁ? የሚታየው ደህና ነው፣ ክፉው የማይታየው ነው ትላለች!»

«ዓይናችሁን አትመኑ ልትለን ነው?» አለች አንዲት አሮጊት።

«የካምፕ አውቶቡስ ተሳፍራ የካምፕ አፍ አወጣች» አለ ሌላው። «በቀቀን!»

ሳቁ ተመልሶ መጣ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን እሾህ ነበረው። ጃምንቲ ጆሮዋ ጋለ። በካምፑ ፋራ፣ በመንደሯ በቀቀን። አንገቷን ደፍታ ወደ ቤቷ ሄደች።

እናቷ ሱክማት በግቢው የሩዝ እህል ታበጥራለች። ቆማ ነበር የምታበጥረው። ባለፈው ኅዳር እንዲህ መቆም አትችልም ነበር፤ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር የምትተኛው፤ ትንፋሿም እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ይጮህ ነበር።

«እማዬ፣ ደረትሽ ዘንድሮ ለምን የተሻለሽ ይመስልሻል?»

«ስለቴ ነዋ» አለች ሱክማት። «ሁለት ኮኮናት ለእንስቷ አምላክ አስገብቼ የለ!»

«ማጠቢያው ቢሆንስ?»

ሱክማት ሰፌዱን ከማወዛወዝ አቆመች። «ስሚኝ ጃምንቲ። ያለ ቡድራም ይህን ጣሪያ የሚጠግንልን የለም። ሰው ፊት አታዋርጂው።» ይህን ብላ ወደ ሰፌዷ ተመለሰች።

ጣሪያው ላይ የዱባው ሐረግ ተንሰራፍቷል። ጃምንቲ በየቀኑ የምታየውን ነገር ዛሬ እንደ አዲስ አየችው። ቅጠሎቹ ሰፊ ናቸው፤ የዝሆን ጆሮ የሚያክሉ፣ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ።

ወደ ውስጥ ገብታ የአምናውን የሳይንስ ደብተር ከሣጥን አወጣች። ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ ቅጠል አድርቀው እንዲለጥፉ ታዘው ነበር። የእሷ የዱባ ቅጠል አለ። በጅማቶቹ መካከል ሁሉ አመድ እንደሆነ ወረቀት ነጥቷል፤ አንዳንዱ ቦታ ተቀድዶ ብርሃን ያሳልፋል። ከጎኑ የመምህሩ ቀይ ብዕር፦ «ስድስት ከአሥር። ጤነኛ ቅጠል አምጪ።»

ያን ጊዜ አልቅሳ ነበር። ጤነኛ ቅጠል ፍለጋ ቢርፓኒን ከዳር እስከ ዳር ዞራ አንድም አላገኘችም ነበር።

*

ዓርብ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ጃምንቲ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጠራች። ርዕሰ መምህሩ ክፍሉን ለቅቆ ወጥቷል፤ በእሱ ወንበር የተቀመጠው ኢንጂነር ዳስጉፕታ ነው። ቀጭን ሰው ነው። የዓይኖቹ ሥር ጠቁሯል። የታጠፈ ወረቀት በጣቱ ወደ እሷ ገፋ። በንጹሕ ፊደል የተተየበ ነው፤ የላይኛው ሠንጠረዥ፣ ከሥሩም «ማጠቢያው የዓለምን ሙቀት የሚጨምር ጋዝ አብዝቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር።

«ይህ ቁጥር ያንቺ ነው?»

«አዎ።»

«ውሸት አለበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲያውስ ምንድን ነው ችግሩ? የኔ ልጅ እምቢ አለች ትለኛለች።»

ጃምንቲ ወረቀቱን አየችው። አንድም የተሳሳተ አሃዝ የለበትም። ያስፈራት ይኸው ነበር።

«የታችኛውም ውሸት የለበትም» አለች። ድምፅዋ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም።

«እሱን የጠየቀ የለም። ሰዎችሽ የጠየቁት ነጩ ጭስ እንዲጠፋላቸው ነው፤ እኛ ደግሞ ሕዝብ የጠየቀንን እንፈጽማለን።» ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ዓይኑ ድረስ አልደረሰም። «ለመንደር ልጆች የሚሰጠው የትምህርት ዕድል በየዓመቱ የሚታደሰው በእኔ ፊርማ ነው። ይህን የምልሽ ለማስፈራራት አይደለም።»

ሰው «ለማስፈራራት አይደለም» የሚለው መቼ እንደሆነ ጃምንቲ ታውቃለች። ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው።

«ታነቢዋለሽ?»

«አነበዋለሁ» አለች።

ስትወጣ ኢሻኒ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ለአፍታ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«እሺ አልሽው?» አለች ኢሻኒ።

«የላይኛው እውነት ነው። አነበዋለሁ።»

ኢሻኒ ትንፋሿን ለቀቀች። ወዲያው ግን የሆነ ነገር የጠረጠረች መሰለች። «ጃምንቲ፣ ሙድ እንዳትይዢብኝ። አባቴን ብታዋርጂው በሕይወቴ አላናግርሽም።»

«አሁንስ መቼ እያናገርሽኝ ነው?» አለች ጃምንቲ። ይህች መልስ እንኳ በሰዓቷ መጣች።

*

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በቀኝ በኩል የካምፑ ሰዎች በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል፤ በግራ የቢርፓኒ ሰዎች በተነጠፈ ሸራ ላይ። በመሐል ፖሊሶች ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል። ከሁሉም በላይ ጭስ ማውጫው ነጩን ይተፋል።

«ጭሱን ሳያዩ መብራት የሚፈልጉ!» ይላል አንዱ ከቀኝ።

«መብራቱንም ጭሱንም ይዛችሁ ሂዱ!» ይላል ሌላው ከግራ።

አስተዳዳሪዋ መነጽር ያደረገች፣ ሰዓቷን ቶሎ ቶሎ የምታይ ሴት ናት። አስቀድሞ ቡድራም ተናገረ። የማሁዋውን ነገር፣ ፀሐይ የሚጋርደውን ነጭ ነገር ተናገረ፤ ጭሱን ማስጣታቸውንም ደገመው፤ የእሱ ወገን ሳቀ። ከዚያ ኢንጂነር ዳስጉፕታ ተነሣ።

«መሥሪያ ቤታችን የሕዝቡን ጥያቄ አይቃወምም» አለ። «እንዲያውም አንዲት የቢርፓኒ ተማሪ የደረሰችበትን ብትሰሙ እወዳለሁ።»

ጃምንቲ ስሟ ሲጠራ ደብተሯን ይዛ ወደ ድምፅ ማጉያው ወጣች። ከፊት ረድፍ ኢሻኒ ጥፍሯን ትነክሳለች። በወዲያኛው በኩል እናቷ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛለች።

ወረቀቱን ዘረጋች። አነበበች። ዘጠኝ መቶ ሃምሳ። ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሦስት። «ማጠቢያው ከተከፈተ ወዲህ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት አሥራ ሦስት ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጨምሯል። ይህ ጋዝ የዓለምን ሙቀት ይጨምራል።»

ከቀኝ ጭብጨባ ተነሣ። ከግራም ተነሣ። «አላልኳችሁም? የኛ ልጅ!» አለ ቡድራም ቆሞ እያጨበጨበ። በዚያ ሜዳ ላይ ሁለቱ ወገኖች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ አጨበጨቡ። አስተዳዳሪዋ ብዕሯን አነሣች።

ጃምንቲ ግን አልወረደችም።

«ገና አልጨረስኩም» አለች።

ጭብጨባው ቀዘቀዘ። ደብተሯን ገለጠች። «ሁለተኛ ሠንጠረዥ አለ። የድኝ ጋዝ...»

ኢንጂነር ዳስጉፕታ ወደ ድምፅ ማጉያው ሠራተኛ ዞሮ በዓይኑ ምልክት ሰጠ። ማጉያው ጠቅ ብሎ ዝም አለ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ድምፅዋ ግን ከሁለተኛው ረድፍ አልፎ አይሄድም። «ጨርሰሻል፣ ውረጂ!» አለ አንድ ሰው ከቀኝ። «ምን እያለች ነው?» አለ ሌላው ከግራ።

ድሮ ቢሆን ወርዳ ትሄድ ነበር። ዛሬም ወረደች፤ ግን በመጣችበት አልሄደችም። በፖሊሶቹ መሐል አልፋ ወደ ግራው ሸራ፣ አጎቷ ወደ ቆመበት ሄደች። ሰዉ እግሩን እየሰበሰበ አሳለፋት። አንዱ «በቀቀኗ መጣች» አለ፤ የሳቀለት ግን አልነበረም።

ከደብተሯ ላይ የደረቀውን ቅጠል ልጣ አነሣችና በቡድራም ቀኝ መዳፍ ላይ አኖረችው። ከቦርሳዋ ደግሞ ጠዋት ከጣሪያው የቆረጠችውን አረንጓዴ ቅጠል አውጥታ በግራው ላይ አኖረች።

ቡድራም ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ገበሬ ነው፤ ቅጠል ሲሰጡት ሳያየው አይጥልም። የደረቀውን ወደ ብርሃን ከፍ አደረገው። በቀዳዳዎቹ በኩል ነጩ ጭስ ታየ።

«ይሄ የመቼ ነው?»

«የአምና። ጭሱ የማይታይ በነበረ ጊዜ።»

«ከየት ነው?»

«ከኛው ጣሪያ። ሁለቱም ከአንዱ ጣሪያ ናቸው ጋሼ።»

ቡድራም አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ከኋላው ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ። አንዲት ሴት «የኔም ዱባ አምና እንዲህ ነበር» አለች፤ ሌላ ሰው «ዝም በይ» አላት።  ቡድራም ቅጠሎቹን አልመለሰላትም።

ከቀኝ በኩል ፉጨትና ጩኸት ተነሣ። ኢሻኒ ፊቷን አዙራለች። ኢንጂነሩ ለአስተዳዳሪዋ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ አንድ ነገር ይነግራታል፤ እሷ ግን ብዕሯን እንደያዘች ወደ ግራው ሸራ እያየች ነው።

ጃምንቲ ወደ ወንበሯ ልትመለስ ትችል ነበር። ደብተሯን በሁለት እጅዋ ይዛ በሁለቱ ወገን መሐል ባለው ባዶ ሣር ላይ ቆመች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ድምፅ ማጉያ በሌለበት፣ የምትችለውን ያህል ጮክ ብላ፣ ከላይኛው ሠንጠረዥ የመጀመሪያ መስመር እንደገና ጀመረች፤ በዚህኛው ጊዜ እስከ ታች ድረስ ልታነበው።